ትንፋሽ የተያዘባት ቦታ

ማተቤ በወባ ከሞተ ወር ሳይሞላው እናቱ እማማ አሰበች ከዳባት ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ወረዱ። የመጡት ለአንድ ነገር ነው፤ የልጃቸውን ድምፅ ሊሰሙ።

«ቀን ከሌት ድምፅ ይቀዳ ነበር አሉኝ። የራሱስ ድምፅ የታል?» አሉ፣ የልጃቸው ጓደኛ ትግሉ ክፍል ውስጥ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው።

ትግሉ የሥዕል መምህር ነው፤ ማተቤ እዚያው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር። የከተማው ሰው ሁለቱንም ለይቶላቸዋል ይል ነበር። ማተቤ የትራክተሩን፣ የጄኔሬተሩን፣ የሚራገፈውን ሰሊጥ ድምፅ በስልኩ እየቀዳ፣ እየቆራረጠና እየደራረበ ዜማ የሌለው ሙዚቃ ይሠራል። ትግሉ ያንን እየሰማ ሰውም ዛፍም የሌለበት ሥዕል ይሥላል።

«ፊት ካስገባህበት ሰው ሌላውን አያይልህም» ይለው ነበር ማተቤ። «የኔም እንደዚያው ነው። የሰው ድምፅ ከገባ ሌላውን የሚሰማ የለም።»

ይኼ ለእናት እንዴት ይነገራል? ትግሉ የማተቤን ስልክ ከፈተ። ቅጂው ውስጥ ሰሊጡ መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ዘነበ፤ ዱላ ነዶውን መታ፤ ከሩቅ ሞተር ገባበት።

«ይኼማ የሥራ ጫጫታ ነው። ልጄ የት ላይ ነው የሚናገር?»

«አይናገርም፣ እማማ። የራሱ ድምፅ እንዳይገባ ይጠነቀቅ ነበር።»

«ማተቤ? ሲበላ እንኳ አፉ የማያርፈው?»

ድንገት ቅጂው ውስጥ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ሌላ ነዶ እስኪመጣ ነው» አለ ትግሉ። «አጠገቡ ቆሜ ነበር። እዚህች ላይ ትንፋሹን ይዟል።»

«እስቲ መልሳት።» መለሳት። አሁንም «መልሳት» አሉ።

«እንደያዘ ቀረ» አሉ በመጨረሻ።

ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተጠጉ። ቡናማና አመድማ ቀለም ተደራርቦበታል፤ መሐል ላይ ቀለም ያልነካት ቀጭን ሰንበር አለች።

«ይችስ?»

«ያችው ዝምታ ነች።»

በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሏት።

«ፊቱን ልሣልልዎት?» አለ ትግሉ። ፊት ከሣለ ዓመታት አልፈውታል።

«ፊቱማ መታወቂያው ላይ አለኝ።»

ቅጂውን ትንሿ ስልካቸው ላይ ጭኖላቸው መናኸሪያ ሸኛቸው። ረዳቱ «ጎንደር፣ ጎንደር» ይላል፤ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። እማማ አሰበች ስልኩን ከጆሯቸው ነቅለው በአውቶቡሱ መስኮት አቀበሉት።

«ዝምታዋ ደርሳ ይሆን?»

ትግሉ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከመናኸሪያው ጫጫታ በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም።

«አዎ፣ ይችው ነች» ብሎ መለሰላቸው።

ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ሌላውን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ዓይናቸውን ጨፈኑ።