አመለጠው ወይስ ለቀቀው

የይግባኝ ሰሚው አዳራሽ ሁለት ረድፍ አግዳሚ ወንበር አለው። በግራ የሟች ወገን ይቀመጣል፣ በቀኝ የተከሳሽ። ልብስ ሰፊዋ መተላለፊያው መሃል ቆማ ቀረች።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ። የማን ወገን ነዎት?» አላት ሥርዓት አስከባሪው።

«የሁለቱም።»

«የሁለቱም የሚባል ወንበር የለንም።»

እውነቱን ነው፣ የለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የሷ ነገር በዥንጉርጉርነት ብቻ ቢያልፍላት በወደደች ነበር። አንዱን ልጇን አፈር፣ ሌላውን እስር ቤት ወስዶባታል። በግራ በኩል ምራቷ፣ የሟቹ ሚስት፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሴቶች የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። ምራቷ ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «እሱ በዚህ በር ከገባ እኔና ልጄ በዚሁ በር እንወጣለን» ብላታለች። ለልብስ ሰፊዋ ከዚህች ሕፃን ሌላ ከታላቅ ልጇ የቀራት ነገር የለም። በግራ ተቀመጠች።

ነገሩ የሆነው ደረጃ ላይ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የእናታቸውን ቁም ሣጥን ለጥገና ከሦስተኛ ፎቅ ያወርዱ ነበር፤ ታላቅየው ከታች፣ ታናሽየው ከላይ፤ እናትየው ደረጃው አናት ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ታናሽየውን ሰፈሩ ሁሉ «እሺ» እያለ ነው የሚጠራው። ሂድ ሲሉት እሺ፣ ና ሲሉት እሺ፤ ልጅ ሳለ አንዱ ጎረቤት ለቀልድ «እስኪ ዝለል» ቢለው፣ እሺ ብሎ አጥር ላይ ወጥቶ እግሩን የሰበረ ጉደኛ ነው። ያን ቀን ግን አፉ ተከፍቶ ነበር። ታላቅየው «ቀስ በል፣ ደነዝ!» ባለው ቁጥር የዓመታት ቂሙን ይዘረግፍበት ጀመር። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ተንሸራትቶ ወረደና ታላቅየውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ፖሊስ «ምን አዩ?» ብሎ ሲጠይቃት «ለቀቀው» አለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የሥር ፍርድ ቤት ቀርባም ያንኑ ደገመች። ፍርድ ቤቱም፣ እናት ከመሰከረች ምን ቀረ፣ ተናዶ ነው የለቀቀው ብሎ ዘጠኝ ዓመት ፈረደበት። «አመለጠው» ብትል ኖሮ ሁለት ዓመት እንኳ እንደማይሞላ የነገራት ጠበቃው ነው።

«አንዲት ቃል ናት» ብሏታል ዛሬም ኮሪደር ላይ። «ቅጣቱ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑን ሲመረምሩ እርስዎን እንደገና ሊሰሙ ፈቅደዋል። ይህ በየቀኑ የሚገኝ ዕድል አይደለም። ‹አመለጠው› ይበሉና ይቀመጡ።»

«አላመለጠውማ።»

«እማማ፣ እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ ተአምር አይደለም።»

«ይግባኝ ባይ ይግባ!» ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ እሺ ባይ የነበረው ልጅ ዛሬ ይግባኝ ባይ ሆኖ በሁለት ፖሊሶች መሃል ገባ። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ሳታስበው እጇ መርፌ ፈለገ።

ምስክር መቆሚያው ላይ ስትወጣ የመሃል ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። «እናት፣ ቁም ሣጥኑ አመለጠው ወይስ ለቀቀው?»

ወደ ግራ ብታይ ምራቷ፣ ወደ ቀኝ ብታይ ልጇ። አመለጠው ብትል በሞተው መዋሸት ነው፤ ለቀቀው ብትል ያለውንም በቁሙ መቅበር። ግን ሌላም ቃል ነበር፤ ለማንም ያልተናገረችው፣ ስፌት መኪናዋን በረገጠች ቁጥር ጆሮዋ ላይ የሚጮህባት።

«ለቀቀው» አለች። ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። «የለቀቀው ግን እኔ ልቀቀው ስላልኩት ነው።»

ወደ ዳኞቹ ጠጋ አለች።

«ከላይ ቆሜ ጭቅጭቃቸውን ስሰማ አንገሸገሸኝ። ‹በቃ ልቀቀው!› ብዬ ጮኽኩበት። ወንድምህን ተወው፣ አትነዝንዘው ማለቴ ነበር። እሱ ቀና ብሎ አየኝና ‹እሺ› አለ። እጁን ከፈተ። ይኸው ነው። ዘጠኙን ዓመት እኔ ልታሰረው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳኛው ወደ ልጁ ዞሩ። «እናትህ እንዲህ ብለውህ ነበር?»

ልጁ ቀና ብሎ አያት፤ ያን ቀንም ያያት እንዲሁ ነበር።

«እማዬ ምንም አላለችም» አለ። «በራሴ ነው የለቀቅኩት። ተናድጄ ነበር።»

«ውሸቱን ነው!» ጮኸች። «ምራቴ እቤት ውስጥ ነበረች፣ ሰምታለች! እሷን ጠይቋት!»

ምራቷ የሕፃኗን ካልሲ ወደ ላይ እየሳበች፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች።

ዳኞቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ፤ ብዙም አልቆዩ። የመሃል ዳኛው ድምፃቸውን አለስልሰው፣ እናት ለልጇ ስትል የማትለው እንደሌለ ችሎቱ እንደሚረዳላት፣ ይግባኝ ባዩ በአፉ ካመነ ወዲያ ግን ቅጣቱን የሚያስቀንስ ምክንያት እንዳልተገኘ ተናገሩ። ዘጠኝ ዓመቱ ጸና። ሕይወቷን ሙሉ እንደዛሬ እውነት ተናግራ አታውቅም፤ ያላመኗትም ዛሬ ነው።

«ገብቶሃል?» አሉት ዳኛው።

«እሺ» አለ ልጁ።

ሁለቱ ሴቶች ወደ ቤት ተመልሰው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሁለተኛው ፎቅ ጋ፣ ግድግዳው የተላጠበት ቦታ ላይ፣ ምራቷ ቆመች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «እርስዎ ‹ልቀቀው› ሲሉ፣ እሱም ‹እሺ› ሲል።»

ልብስ ሰፊዋ የደረጃውን ብረት ጨበጠች። «ታዲያ ምነው ልጄ? ምነው ዝም አልሽ?»

«እሱን ብጠላው እስር ቤት ነው፤ አላየውም። ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብዬ፣ እርስዎን ጠልቼ የት ልድረስ እማማ? ጠዋት እንወጣለን ያልኩትም ለአፌ ነው። መሄጃ የለኝም።» ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝታ ነበር። ከትከሻዋ አላቃ ለአማቷ ሰጠቻት። «ደከመኝ፤ ይያዙልኝ። አደራ፣ እንዳይለቋት።»

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ።