ደርብ ብርሃን መምጠጥ ያቆመ ጊዜ

ሰኞ ጠዋት የኬሚስትሪ ተማሪው ደርብ ብርሃን መምጠጥም መመለስም አቆመ። ብርሃኑ በመሃሉ ያልፍ ጀመር። መጀመሪያ እጆቹ፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ከምሳ በኋላ አገጩ ተሰወሩ። ልብሱ እንደወትሮው ይታይ ስለነበር ከክፍል አልቀረም።

በላብራቶሪ አብራው የምትሠራው እናትነሽ ናት። የመመረቂያ ሥራቸው አንድ ሐምራዊ የኮባልት ውህድ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሠራው ደርብ ነበር። ባለፈው ዓርብ እሱ ታሞ ሲቀር፣ አስተማሪያቸው ዶክተር ላቀው ሥራው የማን እንደሆነ ጠየቋት። የእኔ ነው አለች፤ ደርብ ምንም አልነካም አለች። ዶክተሩም ስሙን ሰረዙት። ይህን ለደርብ ማንም አልነገረውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደርብ በስፔክትሮሜትሩ እንድትለካው ለመናት። ውህዱ የትኛውን ቀለም እንደሚመጥ ያዩት በዚያው መሣሪያ ነው። ጣቱን ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ አስገባ፤ እሷ በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችለት። ስክሪኑ ላይ ከወይን ጠጅ እስከ ቀይ አንድ ዝርግ መስመር ተሰመረ።

«ምንም የለም?» አለ።

«ምንም።»

«እማዬ ለምርቃቴ ትመጣለች። ምን ብዬ እቆማለሁ?» አለ። «ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን? ዶክተሩ ምን አሉሽ?»

እናትነሽ ጥቁሩን ጨርቅ አንስታ አጠፈችው።

«ምንም አላሉኝም» አለችው።

እስከዚያች ደቂቃ ይታዩ የነበሩት ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተሰወሩ።

በማግስቱ ዶክተር ላቀው ቢሮ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። አልተቆጧትም። ውጤቷን ቀነሱ፣ የደርብን ስም መለሱ፣ የተሰወረ ገላውን መመለስ ግን ከእሳቸው አቅም በላይ መሆኑን ነገሯት።

ለደርብም ራሷ ነገረችው። ከአንገትጌው በላይ ካለው ባዶ ቦታ፣ «እሺ፤ የቀረውን እንጨርስ» የሚል ድምፅ መጣ። ይቅር ብሏት እንደሆነ ፊቱን አይታ ማወቅ አልቻለችም።

በምርቃቱ ቀን እናቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ከደጀን መጡ። የደርብ ጥቁር የምርቃት ካባ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቆቡ ከካባው ስንዝር ከፍ ብሎ አየር ላይ ተቀምጧል። እናቱ በእጃቸው ዳብሰው ጉንጩን አገኙና ደጋግመው ሳሙት። እናትነሽ አበባ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ በነጠላቸው ጫፍ ከቆቡ በታች ያለውን አየር ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ነጠላው ረጠበ።