ግሌን አገሩ የገባ ለት

ግሌን መገኘቱን ዱዌይን የሰማው የእህል መጋዘኑ በራፍ ላይ፣ በቆሎውን ሊያስመዝን ተራ እየጠበቀ ሳለ ነው።

"ለእናንተ አልነገሯችሁም እንዴ?" አለ ወሬውን የጀመረው ጎረቤት ደንግጦ። አንዴ ከአፉ አምልጦታልና ጨረሰው። ትናንት አንድ የባህር ኃይል መኮንን ነጭ ልብሱን ለብሶ ቬርና ቤት ገብቷል። የቬርና ወንድም ግሌን፣ ቬትናም ጠረፍ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ የቀረው አብራሪ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዐፅሙ ተገኝቷል።

ዱዌይን በቆሎውን ሳያስመዝን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ ማርሊስ ቀድሞ የግሌን ሚስት ነበረች።

ግሌን ሲጠፋ ገና ወጣት ነበረች። ጦርነቱ አልቆ ምርኮኞቹ እስኪለቀቁ ጠበቀች፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ በቴሌቪዥን አንድ በአንድ አየቻቸው። እሱ የለም። በዓመቱ ዱዌይንን አገባች። ቬርና ከዚያ ወዲህ አላናገረቻትም። ሁለቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ተቀምጠው አረጁ።

ማርሊስ ድንች እየላጠች ነበር። ሲነግራት ቀና አላለችም።

"ምኑን አገኙት?"

"እኔ እንጃ። ቬርናን ልጠይቃት?"

"ተው ዱዌይን። እኔ ሌላ አግብቻለሁ። መንግሥትም የግሌን ቤተሰብ ብሎ የሚያውቀው እሷን ነው።"

ያቺን ልጣ ሌላ አነሳች፣ ደግሞ ሌላ። ድንቹ ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ ሆነ። እሷ ግን መላጧን አላቆመችም።

በማግስቱ ጠዋት ዱዌይን የቬርናን በር አንኳኳ።

"ምን ፈለግህ?"

"ማርሊስ ቀብሩ ላይ ትገኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

"ማን ከለከላት?"

"አልነገርሻትማ።"

"ስልካችሁን አላውቀውም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ከተማ የውሻዬን ስም የማያውቅ ሰው የለም እኮ!"

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረችና አስገባችው። ጠረጴዛው ላይ መኮንኑ የተወላት ወፍራም ጥራዝ ተቀምጧል። መኮንኑ የነገራትን ነገረችው። አንድ የቬትናም ገበሬ ሽሪምፕ የሚባል የባህር እንስሳ የሚያረባበት ኩሬ ሲቆፍር የአውሮፕላን ብረት ወጣ፤ ከብረቱ ሥር አጥንት። ሃዋይ ያሉት የአጥንት መርማሪዎች ከዓመታት በፊት ከእሷ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠርገው ከወሰዱት ምራቅ ጋር አስተያዩት። የእናቷ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

"ያገኙት አጥንት ፎቶ ከኋላ ነው" አለች። "አልገለጥኩትም።"

ዱዌይን እጁን ወደ ጥራዙ ሰደደ። መታ አደረገችው።

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ!" ከዚያ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች። "ያንን መኪናህን አስነሳ።"

ማርሊስ በሩን ስትከፍት ሁለቱ ሴቶች ቆመው ተያዩ።

"ብቻዬን ማየት አቃተኝ" አለች ቬርና።

ማርሊስ እጇን በሽርጧ አደራርቃ ጥራዙን ተቀበለቻት። ኩሽና ተቀምጠው ገለጡት። ዱዌይን ይውጣ ይቆይ ግራ ገብቶት እቃ ማጠቢያው ጋ ቆመ። ፎቶው ላይ፣ ከማስመሪያ አጠገብ፣ መዳፍ የምታህል የአጥንት ቁራጭና አንድ መንጋጋ ጥርስ ይታያሉ። ያ ሁሉ ሰው ይኸው ነው።

ማርሊስ ጥርሱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይሄ የተሞላው... ሠርጋችን ሲቃረብ ነው። በግድ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሲሞላለት እጄን ጨምቆ ሊሰብረው!"

"አውሮፕላን የሚያበር ሰው!" አለች ቬርና።

"ያውም ከመርከብ ላይ እየተነሳ!"

ተሳሳቁ። የቬርና ሳቅ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ማርሊስ አላቀፈቻትም፤ ወንበሯን አስጠግታ እጅጌዋን ያዘቻት።

"የት እንቅበረው?" አለች ቬርና እንባዋን እየጠረገች። "ነግሮሽ ያውቃል?"

"በሃያ ስድስት ዓመቱ ስለ መቃብር? የሚያወራው ስለ ኳስ ነበር።"

እናቱ መቃብር አጠገብ እንዲሆን ተስማሙ።

በቀብሩ ዕለት ማርሊስ ከቬርና ጋር ፊት ተቀመጠች። ዱዌይን ወደ ኋላ ሊል ሲል ቬርና ዞር ብላ፣ "እዚያ ምን ትሠራለህ? ና ወዲህ!" አለችው። ሳጥኑ የሙሉ ሰው ሳጥን ነው፤ ውስጡ ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ትንሽ ነገርና ከላይዋ የተዘረጋ ባዶ የደንብ ልብስ ነው ያለው። አጠገቡ የግሌን ፎቶ ቆሟል። ዱዌይን ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሰው እንደ ታላቁ ሲያየው፣ በሆዱ ከእሱ ጋር ሲፎካከር ኖሯል። አሁን ሲያየው ከልጅ ልጁ ጋር እኩያ መሰለው። ለካ ልጅ ነበር። የባህር ኃይል ወታደሮቹ ሳጥኑ የለበሰውን ባንዲራ አጣጥፈው ለቬርና ሲሰጡ፣ ሁለቱ ሴቶች ካለቀሱት በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማርሊስ ለረጅም ጊዜ የታጨደውን ማሳ ስታይ ቆየች።

"እኔንስ የት ልታደርገኝ ነው?" አለችው።

ዱዌይን የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ። "የፈለግሽበት። እሱ አጠገብም ከሆነ ቅር አይለኝም።"

"እሱ አጠገብማ እናቱ አለች" አለች። "ሴትየዋ ድሮም አትወደኝም። አንተው ጋ ይሻለኛል።"