ደረቅና ድብልቅ

ሱዳን መጠጥ ከልክሎ ጠርሙሱን ሁሉ ወንዝ ሲደፋ፣ ያልተደፋው መተማ ገባ። ኮንትሮባንድ ነጋዴው በሽርም አንዱን በጀለቢያው ሥር ሸሽጎ፣ ከድንበር ማዶ ከገላባት ወደ ጥሩአየሁ መሸታ ቤት አመጣው።

«ወላሂ የፈረንሳይ ነው። ነጭ ወይን።»

«ሰው ይጥላል?» አለች ጥሩአየሁ።

በሽር ጽሑፉን በጣቱ ተከተለ። «ናሺፍ ይላል። በናንተ ደረቅ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ወይን ደግሞ ተደባልቆበታል።»

ጥሩአየሁ ሌላ አልጠየቀችም። በኛ አገር ደረቅ ሲባል እንደ አረቄ አናት የሚበረቅስ ነው፤ ድብልቅ ከሆነማ በሬም ይጥላል። በሙክት ለወጠችው።

ወንድሟ ማሩ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው የሰሊጥ መጋዘን ተቆልፎበታል። ቁልፉ በጠባቂው በአስር አለቃ እንግዳው ወገብ ላይ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ሸለቆ የተሻገረ ገላባት ገባ፣ ተረፈ። መኪናው ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣል ተብሏል። እንግዳውን አረቄ እንዳታጠጣው፣ አለቃው ሻምበሉ ትንፋሹን ስለሚያሸተው አይነካትም፤ ጠላ እንዳታጠጣው፣ ጠላ እሱን ጥሎት አያውቅም። የወይን ሽታ ግን ሻምበሉ አያውቅም።

ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ አቀዝቅዛ፣ ከመጋዘኑ በር ጥላ ሥር ቀዳችለት።

«አስር አለቃ፣ ሙቀቱን ይሰብርልዎታል። አንዴ ጭልጥ ያድርጉት።»

ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። «ወይ ጉድ! ስኳሩን ማን በላው?»

«ደረቅ ነዋ!»

«ቆይ።» ደገመ። «ሎሚ አለበት። አይ፣ ሎሚ አይደለም። ያልበሰለ ማንጎ ነው፣ ከነልጣጩ።» አሸተተው። «ዝናብ የነካው ድንጋይ ታውቂ የለ? እሱን እሱን ይላል።»

«ቶሎ ቶሎ ሲጠጡት ነው የሚጥመው አሉ።»

«የማያውቅ ነው ያለሽ።» አፉ ውስጥ እያዞረ ቆየ። «ሁለቱም ወይኖች ይሰሙኛል። አንደኛው ቁጡ ነው፤ ሌላኛዋ ከኋላ መጥታ ታባብለዋለች። ባልና ሚስት ናቸው።»

በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት ጠመንጃውን ታቅፎ ያንጎላጅ ነበር። ዛሬ ዐይኑ ፈጥጦ ቀረ።

«እንቅልፍ አልመጣዎትም?»

«ይህን አፉ ውስጥ ይዞ ማን ይተኛል? ነይ፣ ቅመሺው እንጂ!»

ቀመሰች። እውነቱን ነው፤ ማንጎውም ነበረ፣ ድንጋዩም ነበረ። የሚጥል ነገር ግን አልነበረበትም።

መኪናው መጣ። እንግዳው ሳይንገዳገድ ተነሣ፣ ቁልፉንም ባንድ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ሰካው። የታፈሱት እየተቆጠሩ ሲወጡ ወደ ጥሩአየሁ ዞረ።

«ለምን እንዳጠጣሽኝ የማላውቅ መሰለሽ?» አላት።

ጥሩአየሁ ደርቃ ቀረች።

«ወንድምሽን ደህና አድርጌ እንድይዝልሽ ነዋ! አታስቢ። ኋላ ተጭኖ አቧራ አይበላውም።»

ማሩንም ጋቢና አስገባው፤ በሹፌሩና በራሱ መሀል አስቀምጦ በሩን ዘጋ።

ኋላ ከተጫኑት ሁለቱ ኮኪት ከተማ ሳይደርሱ ዘለው ጫካ ገቡ፤ እስከ ዛሬም ሱዳን፣ ገዳሪፍ አሉ ይባላል። ማሩ ግን ጋቢና ነበር።