የኮርኒሱ እድፍ እስኪመለስ

ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እድፍ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሙያውን ከአባቴ ወርሻለሁ። «መጀመሪያ ይድረቅ» የምትለዋን አባባሉን ግን ከእሱ ጋር የቀበርኳት ይመስለኛል።

ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት በእናቴ መኝታ ክፍል ኮርኒስ ላይ ትሪ የሚያህል ቡናማ እድፍ አገኘሁ። ወዲያው መሰላሌን አቆምኩ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ፣ ነጭ ቀለም ለቀለቅኩበት። ቤቱ ኢንሹራንስ እንዳለው ትዝ ያለኝ ብሩሼን ሳጥብ ነው።

ጣራውን በራሳችን ማሠራት አቅማችን ስላልሆነ ደወልኩ። አንዱ ወደ ሌላው እየመራኝ ቆሽቴ ካረረ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ወፍራም ፋይል ይዞ መጣ። ኮርኒሱን አንጋጦ አየ፣ በባትሪ አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየ። ጉዳቱ የታለ አለኝ። ነጩን ጠቆምኩት። አልተቆጣም። ያላየውን መጻፍ እንደማይችል፣ ከላይ ያለው እንጨት ውሃ ስለጠጣ ግን እድፉ በቀለሙ ውስጥ ተመልሶ መውጣቱ እንደማይቀር ነገረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ እስኪያይ ብሩሽ እንዳላነሳ አስጠንቅቆኝ ሄደ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እናቴ።

እሷን ሐኪሟ እርጥብ ክፍል ውስጥ እንዳታድር ስለከለከላት ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው። አንድ ጠዋት እንቅልፍ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«እንቅልፉስ ደህና ነው» አለች። «አባትሽ ግን ሶፋው ጋ አይመጣም።»

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ ክፍል በሳምንት አንዴም ሁለቴም በሕልሟ እየመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቀናሁ፤ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ መስኮቱን እንከፍትና አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን በጀርባችን ተንጋለን ኮርኒሱን እንጠብቃለን። የከሰዓት ብርሃን ቀስ ብሎ ግድግዳውን ይወጣል፣ የመጋረጃው ጥላ ከላያችን ይዋኛል፤ እኛም ከነአልጋው የምንንሳፈፍ ይመስለኛል። በስድስተኛው ቀን ቢጫ ክብ ብቅ አለ። እጄ ሳላዘው ወደ ብሩሹ ሲሄድ እናቴ አንጓዬን ያዘችኝ። «ተይው፣ እንግዳ ነው፤ ይግባ» አለችና ሳቀች። በሳምንቱ ጠርዙ የጎረቤታችንን አፍንጫ መስሏል ብላ እንደገና ሳቀች።

በቀጠሮው ቀን ሰውዬው ዘገየ። አለመናደዴ ራሴኑ ገረመኝ። እንደተንጋለልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አባቴ መሰላሉ ላይ ነበር፣ ቀለም የተረጨበትን ቆቡን አድርጎ። ኮርኒሱ እንደረጋ ውሃ ሆኖ ብሩሹ በነካው ቁጥር ይርገበገባል። የቀለሙን ጣሳ ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም። ባዶውን አልጋ እያየ «እናትሽ የት ሄደች? ስመጣ አጣታለሁ» አለኝ።

ስነቃ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመጣ ሰዓት አልፎታል። በእንቅልፌ «አባዬ» ስል የሰማችኝ እናቴ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አስቀምጣው ኖሯል። እድፉ እንደ መጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ፎቶውንም አንስቶ ጨርሷል። ጣራ ጠጋኞቹ ተራችንን ጠብቀው ምናልባት በወሩ መጨረሻ እንደሚመጡ በሹክሹክታ ነገረን። እናቴ አላዳመጠችውም።

«አባትሽ ምን አለሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ምን አልሽው?»

«ጣራው እስኪሠራ ታገስ አልኩት።»

ኮርኒሱን ቀና ብላ አየችው። «እሱስ ድሮም መታገስ ያውቅበታል» አለች። «ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ፋይሉን መልሶ ከፈተ። «በወሩ መጨረሻ» የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ «አስቸኳይ» ብሎ ጻፈ።