የጋሽ ጎፓል ውሾች

እስከ ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ድረስ ሁኔታው እንዲህ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ በግቢያችን የብረት በር ፊት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ውሾች ይቀመጣሉ። ስድስቱ ወንድ፣ አምስቱ ሴት። አራቱ ቡናማ፣ ሦስቱ ጥቁር፣ የቀሩት ዝንጉርጉር ናቸው። በአንድ መስመር ይቀመጣሉ፤ ቦታም አይቀያየሩም። አይጮሁም፣ እርስ በርስም አይናከሱም።

አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ጋሽ ጎፓል ሩዝና ምስር የቀቀሉበትን ድስት ይዘው ይወጣሉ። ስማቸው ጎፓላን ነው። ከደቡብ ሕንድ ፊዚክስ ሊያስተምሩ መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡም ሳይመለሱ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ስሙን አሳጥሮ ጋሽ ያላቸው ሰፈሩ ነው። እኔና እሳቸው የአንድ ግቢ ተከራዮች ነበርን። እሳቸው የፊቱን ቤት፣ እኔ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ። ምግቡን በአሥራ አንድ የቆርቆሮ ሳህን ከፍለው መሬት ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው በጥንት ቋንቋቸው አጭር ጸሎት ያደርሳሉ። ትርጉሙን ጠይቄያቸው ነበር። ምግቡ አስቀድሞ የአምላኬ የክሪሽና ነው፣ እኛ የምንበላው የእሱን ትራፊ ነው ማለት ነው አሉኝ። ጸሎቱ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ሰዓት ይዤበታለሁ። የመጨረሻው ቃል ሳይባል አንድም ውሻ አፉን ወደ ሳህኑ አያወርድም።

እኔ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ሥራዬ በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠሩ እንስሳትን አንጎል መመርመር ነው። ስለዚህ ውሾች ተሰልፈው ሳይ ሌላው ሰው ይገረማል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

አንድ እሁድ ከቸርች ስመለስ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝና ስለ አንድ ጦረኛ አጫወቱኝ። ጦረኛው ለውጊያ ተሰልፎ ሳለ በወዲያኛው ወገን አጎቶቹንና አስተማሪዎቹን ያያል፤ ቀስቱ ከእጁ ይወድቃል። ሰረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ራሱ ነበርና፣ ተነሥተህ የተጣለብህን ፈጽም ይለዋል። እሳቸው ጉንዳን እንኳ ላለመርገጥ ዞረው የሚሄዱ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ግራ ገባኝ።

«ታዲያ አምላክዎ ግደል ነው የሚለው ወይስ አትግደል?» አልኳቸው።

«ሁለቱንም። አትጉዳ ይላል። ማምለጫ የሌለው ግዴታ ሲመጣ ደግሞ ፈጽም ይላል። ግን ንዴት አይኑርህ፣ ሽልማትም አትጠብቅ። ቶሎ ባለቀልኝ እንኳ አትበል። ቶሎ ባለቀልኝ ያለ ሰው የገደለው ለራሱ ነው።»

«ምንም ሳይፈልግ የሚገድል ሰው እኔን ይበልጥ ያስፈራኛል።»

«እኔንም ያስፈራኛል» አሉና ሳቁ። «ለዚህ እኮ ነው ሩዝ የምቀቅለው።»

ጥቅምት ሃያ ጠዋት ሳይወጡ ቀሩ። ከአከራያችን ጋር በሩን ከፍተን ስንገባ አልጋቸው ላይ ዐርፈው አገኘናቸው። የአገራቸው ሰዎች መጥተው አስከሬናቸውን እንደ ሥርዓታቸው አቃጠሉ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ውሾቹ በየቦታቸው ተቀምጠው ነበር።

የሰፈሩ ሰው አዘነላቸው። አንዱ ዳቦ፣ ሌላው የተረፈ ወጥ፣ ሥጋ ቤቱ ደግሞ አጥንት አመጣ። ውሾቹ ምግቡን አዩ፣ በሩን አዩ፣ አልበሉም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ሄዱ፤ ምግቡን ቁራ ወሰደው። በሦስተኛውም በስድስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ወንዙ አጠገብ ካለው ቆሻሻ መጣያ ሲበሉ አይቻለሁና ረኀቡም የመዋጥ አቅሙም ነበራቸው። በዚያ በር ፊት ግን ከሰው እጅ የተሰጣቸውን ያለ ጸሎቱ አይነኩም። ጎረቤቶች ማለዳ በዚያ ማለፍ ትተው በታችኛው መንገድ መዞር ጀመሩ።

ጸሎቱን በቃሌ አውቀው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስሰማው ኖሬያለሁ። ሩዝ ቀቅዬ ልወጣ አንድ ሁለት ጊዜ አስቤ ተውኩት። አባቴ የቸርች ሽማግሌ ነው፤ ለሌላ አምላክ የሚባል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም ብዬ ወሰንኩ። በመስኮት ሆኜ ብቻ ቆጠርኩ። በየቀኑ አሥራ አንድ።

ኅዳር ሦስት ቀን የሰፈራችን ነዋሪ ወይዘሮ መሰለች ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ውሻ ባታቸውን ነከሳቸው። ከኋላ ነው የመጣው፣ ሳይጮህ። ሸክሙ አጉብጧቸው ስለነበር ዞረው ማየት አልቻሉም፤ በትከሻቸው ሥር ሲሄድ ያዩት ቡናማ ጀርባ ብቻ ነው። ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመሩ።

የወረዳው የውሻ ቁጥጥር ቡድን ኃላፊ አቶ ዱጉማ ናቸው። አሥር ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። የነከሰው ውሻ በሽታው ካለበት በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል፤ አራቱን ቡናማዎች አስረን ብንጠብቅ የትኛው እንደሆነ ራሱ ይነግረናል አልኳቸው። የት እንደምናስራቸው ጠየቁኝ። በዚያ መንገድ በየቀኑ ሁለት መቶ ተማሪ እንደሚያልፍም አስታወሱኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅዳሜ ኅዳር ሰባት፣ ተማሪ በሌለበት ቀን፣ አሥራ አንዱም እንዲወገዱ ወሰኑ። ናሙና የምወስደው እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ መርዝ ያለበት ሥጋ በእያንዳንዱ ውሻ ፊት ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ከዚያ ሃያ። አንዱም አልነካውም። ሰው ከሩቅ ተሰበሰበ።

«ጾመ ነቢያት እኮ ገና ሳምንት ይቀረዋል» አሉ አቶ ዱጉማ። «እነዚህ ከአሁኑ ጀመሩት እንዴ?»

የሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ውሾቹ ሥጋውን አያዩም ነበር። ሃያ ሁለቱም ዓይን በሩ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ አማትቦ መኪና ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ።

በአርባኛው ደቂቃ የሰፈር ጎረምሶች ዱላና ዶማ ይዘው መጡ። አቶ ዱጉማ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ልጆቹን እለቃቸዋለሁ አሉኝ። ውሻ በዱላ ሲሞት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ።

«የሚጠብቁት ነገር አለ» አልኩ።

«ምን?»

«ጸሎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እና ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም፤ ፊደሎቹን እሳቸው እንደሚጎትቱት እየጎተተ፣ እሳቸው ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰደ ወጣ። ንዴት አልነበረኝም። ሽልማትም አልጠበቅሁም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ግን በውስጤ የነበረው ሐሳብ አንድ ነው፤ ቶሎ ባለቀልኝ።

ዓይኔን ስገልጥ አሥሩ እየበሉ ነበር። ከግራ አራተኛዋ፣ ቡናማዋ ሴት ውሻ፣ ሥጋውን አነሣች። ወደቀባት። እንደገና አነሣች፣ እንደገና ወደቀባት። የታችኛው መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ ለሃጯ በክር ይወርዳል። ምን እያየሁ እንደሆነ ወዲያው ዐወቅሁ፤ ጉሮሮዋ ሽባ ሆኖ መዋጥ አቅቷታል። በዚያ ሳምንት ከነበሩት ማለዳዎች በአንዱ በንጹሕ ሩዝ ላይ ያንን ጸሎት ብዬ ቢሆን ኖሮ ከአሥራ አንዱ ለይቼ ባወቅኋት ነበር።

ያቺን ያዟት ብዬ ስናገር አሥሩ መውደቅ ጀመሩ፤ ሰዉም ሸሸ። ውሻዋ አልሮጠችም። በሰዎቹ መሀል ቀስ ብላ አልፋ ከመንገዱ በላይ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ወጣች። ዱላ የያዙት ጎረምሶች መንገድ ለቀቁላት።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃውን ገለጥኩ። መንገዱ ታጥቧል። በመስመሩ ከግራ አራተኛው ቦታ ላይ ቡናማዋ ብቻዋን ተቀምጣ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ወደ በሩ ታያለች። ለአቶ ዱጉማ ደወልኩ። ሰዎቻቸው ሳይደርሱ ተነሥታ ሄደች። ሰኞም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱንም ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ ስለ መውጣት አስቤያለሁ፣ ወጥቼ ምን እንደምላት ግን አላወቅሁም።

ማክሰኞ ኅዳር አሥር እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ከግቢያችን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር ሞታ አገኟት። ጭንቅላቷን በበረዶ ሣጥን አመጡልኝ። የቅዳሜዎቹን አሥር ውሾች የአንጎል ናሙና ስላይዶች አስቀድሜ አይቻቸው ነበር፤ በሽታው ያለበት አንጎል በማይክሮስኮፑ ሥር አረንጓዴ ያበራል፣ እነሱ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበሩ። የእሷን ሁለት ጊዜ አዘጋጀሁት፤ ሁለቱም ጊዜ አበራ። በውጤት ቅጹ ላይ የሞላሁት ይህን ነው፦ የተመረመሩ አሥራ አንድ፣ በመርዝ የሞቱ አሥር፣ ከእነሱ መካከል በሽታው የተገኘባቸው ዜሮ።