የዮሪት ፕላኔት መርዶ

ዮሪት የኋላ ክፍሌን ተከራይቶ አራት ዓመት ኖረ። ሥራው ከግጦሽ መሬቴ ማዶ ሜዳውን በሞሉት አንቴናዎች ሰማይ ማዳመጥ ነው። በሌላ ፀሐይ ዙሪያ ያለች ፕላኔት ወፍራም የሬዲዮ ድምፅ ታወጣለች ይላል፤ ጆሮ አይሰማውም፣ መሣሪያ ነው የሚይዘው። እሱም አንዷን አገኘሁ ብሎ ነበር። በየአራት ቀኑ ፀሐይዋን ዞራ ስትመጣ ትጮህለታለች። ካረጋገጠ ሥራው ይጸናል፤ ካልሆነ ያሰናብቱታል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፉን እንጂ ወንበሩን አላውቅም። ላም ግን አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ላሞቹን አንቴናዎቹ አጠገብ ወዳለው መስክ ነድቼ የኤሌክትሪክ አጥሩን ሰካሁ። ስመለስ ዮሪት በመስኮት ያየኛል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ ሂሊኸ፣ እዚያ መስክ መቼ መቼ ነው የሚያወጧቸው?»

«ሣሩ እንዲያገግም በየአራት ቀኑ። ምነው፣ አንተም ልትግጥ ነው?»

አልሳቀም። «የአጥርዎ ብልጭታ ሬዲዮ ላይ ይጮሃል። በሚቀጥለው ተራ አጥፍተው ላሞቹን ቤት ያቆዩልኝ።»

«ላሞቼ ለሰማይ ብለው ይጡሙ? ደግሞስ ድምፁ ዝም ካለብህ?»

«ዝም ካለ ፕላኔት አልነበረችም።»

«እንግዲያ ባታውቀው አይሻልህም?»

«በጎረቤትነት ነው የምለምንዎት።»

እኛ የድሬንተ ገጠር ሰዎች ጎረቤትነት ከተጠራ እምቢ አንልም። ቀኑ ሲደርስ የአጥሩን ኤሌክትሪክ ነቀልኩ፤ ላሞቹ በረት ውስጥ ሲጮሁብኝ ዋሉ። ዮሪት ሲመጣ የአተር ሾርባ አቀረብኩለት። ማንኪያውን አላነሳም።

«ዝም አለ» አለኝ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት መርዶውን ቤተሰቡ አይናገርም፤ ጎረቤት ጥቁር ለብሶ በየደጁ ይዞራል። በነጋው ዮሪት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ «ለአለቆቼ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለኝ። ጥቁር ካፖርቴን ለብሼ በብስክሌቴ ሄድኩ።

የዮሪት አለቃ ዌንደሊን የአንቴናዎቹ ቢሮ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ማን ሞተ፣ እማማ?»

«የዮሪት ፕላኔት። ለካ የላሞቼ አጥር ነበረች።»

ከኋላዋ አንዱ ባለመነጽር ሳቀ።

«መርዶ ላይ የሚስቅ አሳዳጊ የበደለው ነው» ስለው አፉን ዘጋ።

ዌንደሊን አንገቷን ደፋች። «እኛማ ከጠረጠርን ቆይተናል። ማን ይንገረው ብለን ተፈራራን እንጂ በቦታው ሰው ቀጥረናል።»

ስመለስ ዮሪት እንደተኛ ነው።

«ምን አሉ?»

ውሸት አልችልበትም። «ያውቁ ነበር። ቦታህንም ለሌላ ሰጥተዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጎረቤቶችህ አይደሉማ።»

ብርድ ልብሱን ስቦ ተከናነበ።